ላይኩ ሞልቷል፤ ገዢው የታለ?

በማኅበራዊ ሚዲያ ከፍሎ ያስተዋወቀ ሰው ይህን ሪፖርት ያውቀዋል። ማስታወቂያው ስንት ሺህ ሰው ጋ እንደደረሰ፣ ስንት ላይክ እንዳገኘ፣ ስንቱ ሊንኩን እንደነካ ተደርድሮ ይመጣለታል። ቁጥሩ ደስ ይላል። ስልኩ ግን አይጠራም። ኢንቦክስ ገብቶ "ስንት ነው?" የሚል የለም። ቢኖርም አንድ ቃል ጽፎ ይጠፋል።

ባለቤቱ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ዕቃዬ አልተወደደ ይሆን? ዋጋው ከብዶ ይሆን? ፎቶው ነው ችግሩ? አንዳንዴ እውነትም ችግሩ እዚያ ነው። አንዳንዴ ግን ማስታወቂያውን የነካው ጭራሽ ሰው አይደለም። ወይም ሰው ነው፤ ግን ሊገዛ ፈልጎ ሳይሆን እንዲነካ ተከፍሎት ነው።

ስለ ፌክ ላይክና ክሊክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የባከነው ገንዘብ ነው። ገንዘብ መባከኑ እውነት ነው፤ ያናድዳልም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። እያንዳንዱ ፌክ ክሊክ ለማስታወቂያው ሲስተም "ደንበኛህ ይህ ነው" ብሎ ይነግረዋል። ሲስተሙም አምኖ የዚያኑ ቢጤ ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ ጉዳቱ በመጀመሪያው ወጪ አያበቃም። ቀጣዩን ማስታወቂያም፣ ከዚያ የሚከተለውንም ያበላሻል።

ክሊክ ፋርም ምን ይመስላል

ክሊክ ፋርም ማለት ፌክ ላይክና ክሊክ በብዛት እያመረተ የሚሸጥ ቦታ ነው። በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታይላንድ ፖሊስ ከካምቦዲያ ድንበር አቅራቢያ አንድ የኪራይ ቤት ፈተሸ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ቻይናውያን ናቸው። አብሯቸው የተገኘው ግን ከ400 በላይ ስልክና ወደ 350,000 የሚጠጋ ሲም ካርድ ነው። ስልኮቹ መደርደሪያ ላይ ተሰካክተው ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘዋል። ሥራቸው ዊቻት በተባለው የቻይና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለሚተዋወቁ ዕቃዎች ላይክና እይታ ማምረት ነበር።

ሲም ካርዱ ለምን እንዲህ በዛ? አካውንት ለመክፈት ስልክ ቁጥር ይጠየቃል። ማረጋገጫ ኮዱም የሚላከው በዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ አዲስ አካውንት አዲስ ሲም ይፈልጋል። አካውንቱ ሲዘጋ ሲሙ ይወጣና ሌላ ይገባል፤ ስልኩ ግን ያው ነው። የስልኩና የሲሙ ቁጥር የማይቀራረበው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የሌለበትም አለ። በ2013 ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ስለ ዳካ፣ ባንግላዲሽ ክሊክ ፋርሞች ጽፎ ነበር። ሠራተኞቹ መስኮቱ በብረት በታጠረ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። አንድ ዶላር ለማግኘት 1,000 ላይክ ማድረግ ሊኖርባቸው ይችላል። ያንኑ 1,000 ላይክ ገዢው በ15 ዶላር ነበር የሚያገኘው። ልዩነቱ የት እንደሚገባ ግልጽ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን በሚነካው ልጅ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ከእሱ በላይ ያለው ነው የሚያተርፈው።

ሦስተኛው ዓይነት ለመያዝ ከሁሉም ይከብዳል። "ነፃ ላይክ ያግኙ" የሚሉ ሳይቶችና አፖች አሉ። ሰውየው በራሱ አካውንት ይገባል፤ ፈቃድ ስጥ ሲባል ይሰጣል። ጥቂት ላይክም እውነትም ይመጣለታል። በምላሹ አካውንቱ እሱ ሳያውቅ የማያውቃቸውን ሰዎች ፖስት ላይክ ሲያደርግ ይውላል። ፎቶው የራሱ ነው፣ ጓደኞቹ እውነተኛ ናቸው፣ አካውንቱም የቆየ ነው። የፕላትፎርሙ ማጣሪያ ምኑን ይጠርጥር?

ሳይገዙት የሚመጣ ፌክ ላይክ

"እኔ ላይክ ገዝቼ አላውቅም፤ በሕጋዊ መንገድ ለራሱ ለፕላትፎርሙ ከፍዬ ቡስት ነው ያደረግሁት" የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ግን ይህ ብቻውን አያድንም።

በ2012 የቢቢሲው የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ ሮሪ ሴላን ጆንስ አንድ ሙከራ አደረገ። ቨርቹዋል ቤግል የሚባል ምንም የማይሸጥ ፔጅ ከፈተ። ከዚያ በቀጥታ ለፌስቡክ ከፍሎ አስተዋወቀ፤ ከሦስተኛ ወገን ላይክ አልገዛም። በጥቂት ቀናት ከ3,000 በላይ ላይክ መጣ። ማስታወቂያው ለአሜሪካና ለብሪታንያም ቀርቦ ነበር፤ ከእነዚህ የመጣው ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። አብዛኛው የመጣው ከግብፅ፣ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ ነው። ከወደዱት አካውንቶች ብዙዎቹም የሚያጠራጥሩ ሆነው ተገኙ።

ማንም ሳይከፍለው ይህን ፔጅ ላይክ ያደረገው አካውንት ምን ፈልጎ ነው? ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ መደበቂያ ይፈልጋል የሚለው ነው። የተከፈለበትን ፔጅ ብቻ ላይክ የሚያደርግ አካውንት ቶሎ ይነቃበታል። እንደ ሰው ለመምሰል ሌላም ነገር መውደድ አለበት። ታዋቂ ብራንድ ይወዳል፣ የዜና ፔጅ ይወዳል፣ ፊቱ ያለፈ ማስታወቂያንም ይወዳል። በቀና መንገድ ያስተዋወቀው ሰው እንግዲህ ሳያውቅ ለሌላው ሰው ማጭበርበሪያ ሽፋን እየከፈለ ነው። ይህ ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ፍትሕ የጎደለው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከዚህ ተነስቶ "ከእነዚህ አገሮች የመጣ ሁሉ ፌክ ነው" ማለት ስህተት ነው። እዚያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር እውነተኛ ተጠቃሚ አለ። የሚያጠራጥረው አገሩ ሳይሆን አለመገጣጠሙ ነው። ዕቃችሁን ወደማትልኩበት ቦታ ያለ ሰው በገፍ ሲወዳችሁ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሲስተሙ ምን ይማራል

ማስታወቂያ ስትከፍቱ ሲስተሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ዓላማችሁን ነው። ላይክ? ክሊክ? መልእክት? ግዢ? የመረጣችሁትን ቃል በቃል ይወስደዋል። ክሊክ ካላችሁ ክሊክ የሚያደርጉትን፣ ያውም በርካሽ የሚያደርጉትን ይፈልግላችኋል። ይገዙ እንደሆነ አልጠየቃችሁትም፤ እሱም ጉዳዬ አይልም።

አሁን ነገሩን በሲስተሙ ቦታ ሆናችሁ እዩት። አንዷ እውነተኛ ደንበኛ ናት። ማስታወቂያውን ታይና ታልፈዋለች። ማታ ትመለስና ኮሜንቶቹን ታነባለች። ለእህቷ ታሳያታለች። ከሦስት ቀን በኋላ ትገዛለች። ሌላው ፊቱ ያለፈውን ሁሉ የሚነካ አካውንት ነው። "ክሊክ አምጣ" ለተባለ ሲስተም ከሁለቱ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ዋጋውም ይረክሳል። የማስታወቂያ ቦታ የሚሸጠው በጨረታ ነውና፣ ገዢ የሚፈልጉ ሌሎች አስተዋዋቂዎች ለዚህ አካውንት አይጫረቱም። እሷን ለማግኘት ግን ብዙዎች ይጫረታሉ። ክሊክ ከወትሮው በጣም ሲረክስ ከመደሰት በፊት "የነካው ማን ነው?" ማለት የሚገባው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጥ ያሳዝናል። ሲስተሙ "ከእነዚህ ጥሩ ውጤት አገኘሁ" ብሎ ቀሪውን በጀት ወደእነሱ ያዞራል። ቀጥሎ ባለቤቱ "ፔጄን የወደዱትን የሚመስሉ ሰዎች ፈልግልኝ" የሚለውን አማራጭ ይመርጣል። መነሻው ዝርዝር ግማሹ ፌክ ከሆነ የሚመስለውም ፌክ ነው። ዌብሳይቱን የጎበኙትን እየተከተለ የሚታይ ማስታወቂያም አለ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባ ቦት (ሰው መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ለሳምንታት ማስታወቂያ ሲታይለት ይከርማል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ያለ ክፍያ የሚለጠፈው ፖስትም አይተርፍም። ሁለት ፔጅ እንውሰድ። አንዱ 2,000 እውነተኛ ተከታይ አለው። ሌላው ተመሳሳይ 2,000 እውነተኛ ተከታይ አለው፤ ከዚያ ላይ 8,000 ፌክ ተጨምሮበታል። አዲስ ፖስት ለመጀመሪያ 500 ተከታዮች ቢታይ፣ የመጀመሪያው ፔጅ 500 ሰው አገኘ። ሁለተኛው ያገኘው ወደ 100 ሰው ነው። የቀሩት 400 አካውንቶች ዝም ይላሉ፤ ሥራቸው ሌላ ቦታ ነውና። ሲስተሙ ይህን ዝምታ ሲያይ ፖስቱ ሰው አልሳበም ብሎ ስርጭቱን ይቀንሳል። ብዙ ተከታይ ያለው ፔጅ ከትንሹ ያነሰ ሰው ጋ ይደርሳል። ባለቤቱ ሪቹ (ፖስቱ የሚደርሰው ሰው ብዛት) ሲወርድበት መልሶ ቡስት ያደርጋል። በዚያው ፔጅ፣ በዚያው ዝርዝር። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት እንዲህ ነው።

ቁጥሩ ለማን ይጠቅማል

በፌስቡክ ወይም ኢንስታግራም ገጽ ላይ ያለ ማስታወቂያን የሚነካ ሰው ከማስታወቂያው ገቢ በቀጥታ አይካፈልም። ነገር ግን ማስታወቂያው በእነዚህ ገጾች ብቻ አይታይም። በሌሎች ድርጅቶች አፖችና ጌሞች ውስጥም ይታያል፤ የአፑ ባለቤት ከገቢው ይካፈላል። እዚህ ጋ ለመንካት ጥሩ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። በ2019 ፌስቡክ ላየንሞቢና ጄዲሞቢ የተባሉ ሁለት የአፕ ሠሪዎችን የከሰሰው በዚህ ነው። ክሱ እንደሚለው አፖቻቸው በተጠቃሚው ስልክ ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ማስታወቂያ የተነካ ያስመስሉ ነበር። ስልኩ እውነተኛ፣ ሰውየውም እውነተኛ፤ ክሊኩ ግን ውሸት።

ከማኅበራዊ ሚዲያ ውጪ ነገሩ የሚሊዮኖች ንግድ ነው። ሜዝቦት የተባለው መረብ በ2016 ሲጋለጥ፣ ያጋለጠው ዋይት ኦፕስ የተባለ ኩባንያ በቀን ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል ብሎ ገምቶ ነበር። የቪዲዮ ማስታወቂያ የሚያዩ የሚመስሉ ቦቶችን ከዳታ ሴንተር ያሠራ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ሩሲያዊ አሌክሳንድር ዡኮቭ በ2021 አሜሪካ ውስጥ 10 ዓመት ተፈርዶበታል።

በቀጥታ የማያጭበረብሩትም ቢሆኑ ትልቅ ቁጥር ይስማማቸዋል። ማስታወቂያውን የሚያስተዳድረው ኤጀንሲ ለደንበኛው የሚያሳየው ሪፖርት ያምርለታል። ኢንፍሉዌንሰሩ በተከታዩ ብዛት ዋጋ ይጠይቃል። የድርጅቱ የማርኬቲንግ ኃላፊ ለአለቃው የሚያቀርበው ግራፍ ወደ ላይ ይወጣል። ፕላትፎርሙም ገቢ አለው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ "ይህ ቁጥር እውነት ነው?" ብሎ መጠየቅ የሚጠቅመው ከፋዩን ብቻ ነው። ከፋዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ መረጃው በእጁ የለም።

ፕላትፎርሞቹ ምንም አይሠሩም ማለት አይደለም። ፌስቡክ በ2019 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ብቻ 2.2 ቢሊዮን ፌክ አካውንት መዝጋቱን ተናግሯል። አብዛኛው ገና ሲከፈት የተያዘ ነው። ያልተያዘውን በወቅቱ ከወርሃዊ ተጠቃሚዎቹ 5 በመቶ ያህል ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ተጠቃሚው 2.4 ቢሊዮን ገደማ ስለነበር ወደ 120 ሚሊዮን አካውንት ይሆናል። ይህን 5 በመቶ ሰምቶ "እንግዲያው ከክሊኬ 5 በመቶው ብቻ ነው ፌክ" ማለት ግን ያሳስታል። ሰው በቀን ስንት ማስታወቂያ ይነካል? ብዙው አንድም አይነካም። ፌክ አካውንት ግን የተፈጠረው ለመንካት ነው። በአካውንት ቆጠራ ትንሽ የሚመስለው በክሊክ ቆጠራ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

የማጣሪያው ድካምም በሙከራ ታይቷል። ሪጋ፣ ላትቪያ ያለው የኔቶ ስትራቴጂካዊ ኮሙኒኬሽን ማዕከል በ2019 በ300 ዩሮ 3,530 ኮሜንት፣ 25,750 ላይክ፣ 20,000 እይታና 5,100 ተከታይ ገዛ። ግዢው በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም፣ በትዊተርና በዩቲዩብ ላይ ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ ሲታይ ከአምስቱ አራቱ እንዳለ ነው። ከዚያ ፌክ መሆናቸውን ለፕላትፎርሞቹ ሪፖርት አደረጉ። ሦስት ሳምንት ቆይቶም ከተጠቆሙት አካውንቶች 95 በመቶ ያህሉ ይሠሩ ነበር።

ፌስቡክ ውስጥ ፌክ ኢንጌጅመንትን (የውሸት ላይክ፣ ኮሜንትና የመሳሰለውን) በሚከታተለው ቡድን ውስጥ የነበረችው ዳታ ሳይንቲስት ሶፊ ዣንግም ተመሳሳይ ነገር ተናግራለች። በ2018 የሆንዱራስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኽዋን ኦርላንዶ ኤርናንዴዝ ፖስቶች በመቶዎች በሚቆጠሩ የውሸት ፔጆች ላይክ ሲደረጉ አገኘች። ፔጆቹ የሰው ስምና ፎቶ ተለጥፎባቸዋል። አንድ ሰው አንድ አካውንት ነው የሚፈቀድለት፤ ፔጅ ግን የፈለገውን ያህል ይከፍታል። ክፍተቱ ይህ ነበር። ጥቆማ ከሰጠች በኋላ እርምጃ እስኪወሰድ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ሕግ ዘግይቶም ቢሆን እየመጣ ነው። ዴቩሚ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፌክ ተከታይ ለተዋናዮች፣ ለስፖርተኞችና ለነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። በ2018 ኒውዮርክ ታይምስ ሲያጋልጠው ከአካውንቶቹ ብዙዎቹ የእውነተኛ ሰዎችን ስምና ፎቶ ሰርቀው የተሠሩ መሆናቸው ታወቀ። በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለቤቱ ላይ የ2.5 ሚሊዮን ዶላር ውሳኔ አሰጠ። ያው ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እየሠራ ነው። ለንግድ ጥቅም ብሎ ፌክ ተከታይ ወይም እይታ የሚሸጠውን ብቻ ሳይሆን፣ እያወቀ የሚገዛውንም ይቀጣል። ገዢው መካተቱ ተገቢ ነው እላለሁ። ገዢ ባይኖር ፋርሙ አይኖርም።

የራስን ቁጥር መመርመር

ትልልቆቹ ድርጅቶች መልሱን ያገኙት በማቋረጥ ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ2017 በአንድ ሩብ ዓመት ከዲጂታል ማስታወቂያው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ። በሽያጩ ላይ ግን የጎላ ለውጥ አላየም። ትንሽ ነጋዴም ይህን በአቅሙ መሞከር ይችላል። ማስታወቂያውን በአንድ አካባቢ ለሁለት ሳምንት ያቁም፤ በሌላው ይቀጥል። ከዚያ የሁለቱን ሽያጭ ያወዳድር። ልዩነት ካልመጣ ያ ክሊክ ሁሉ ሥራ አልሠራም ማለት ነው። ፌክ ይሁን አይሁን ለኪስ ለውጥ የለውም።

ሳያቋርጡ ማየት የሚፈልጉ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ሊንኩ የተነካበትን ብዛትና ዌብሳይቱ በትክክል የተከፈተበትን ብዛት። አንድ ኮርስ የሚሸጥ ሰው 1,200 ክሊክ ተቆጠረለት እንበል። ዌብሳይቱ የተከፈተው 430 ጊዜ ነው። ኢንተርኔት የሚቆራረጥበትና ሰው ሳይጠብቅ የሚወጣበት አለና ጥቂት ልዩነት ያለ ነው። ሁለት ሦስተኛው የት ገባ ግን ያስጠይቃል። ቀጥሎ የቆይታ ጊዜውን ያያል። አብዛኛው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላው ወጥቷል፤ ወደ ታች ያወረደ የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም እኩለ ቀንም የሚመጣው ቁጥር እኩል ነው። ሰው ግን ይተኛል። ፎርም የሞሉት ዘጠኝ ናቸው፤ ሲደወል የሰባቱ ስልክ ቁጥር አይሠራም። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አራቱ አብረው ሲመጡ ግን ዕቃዬ አልተወደደም ብሎ ዋጋ ለመቀነስ መቸኮል አያስፈልግም።

ማስታወቂያው የት እንደታየ የሚያሳየውን ክፍፍልም መክፈት ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ርካሹ ክሊክ የሚመጣው ከውጭ አፖችና ጌሞች ነው። ያንን ቦታ ማጥፋት ይቻላል። ዓላማውንም ከላይክና ከክሊክ ወደ ግዢ ወይም ወደ እውነተኛ ንግግር ማዞር ይቻላል። ውጤቱ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። ቁጥሩ ያሽቆለቁላል፤ የአንዱ ክሊክ ዋጋ ይጨምራል። ኤጀንሲ ካለም ቅር ሊለው ይችላል። ማየት ያለባችሁ ግን አንድ ገዢ ስንት አስወጣ የሚለውን ነው። ፌክ አካውንት የማይችለው ነገር ከፍሎ መግዛትና ተመልሶ መምጣት ነው። መለካት ያለበትም እሱ ነው።

ከኢንፍሉዌንሰር ጋር የሚሠራ ሰው ደግሞ የተከታይ ብዛት ከመጠየቅ ይልቅ ኮሜንቶቹን ያንብብ። ድሮ ፌክ ኮሜንት "ዋው" እና የእሳት ኢሞጂ ብቻ ስለነበር በዓይን ይለይ ነበር። አሁን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ለእያንዳንዱ ፖስት የተለየ፣ ወግ ያለው ኮሜንት ይጽፋል። የማይለወጠው ንግግሩ ነው። እውነተኛ ተከታዮች እርስ በርሳቸው ይመላለሳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያለፈውን ሳምንት ያነሳሉ። ተከታዩ በየትኞቹ ቀናት እንደጨመረ የሚያሳይ ስክሪንሾት መጠየቅም ነውር የለውም። በአንድ ሌሊት አሥር ሺህ ጨምሮ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ አካውንት ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ፔጁ ቀድሞ በፌክ ተከታይ የተሞላበት ሰውስ? ተከታዮችን አንድ በአንድ ማስወጣት ይቻላል፤ ግን ከጥቂት መቶ በላይ ከሆነ ጊዜ ይፈጃል። የፔጁን ተከታዮች መነሻ አድርጎ ተመሳሳይ ሰው መፈለግ ወዲያው መቆም አለበት። በምትኩ ከፍለው የገዙ ሰዎችን ዝርዝር መጠቀም ይሻላል፤ መቶ ገዢ ከአሥር ሺህ ላይክ ይልቅ ለሲስተሙ ትክክለኛ ነገር ይነግረዋል። ፌኩ ከእውነተኛው ከበለጠ ደግሞ አዲስ ፔጅ ከፍቶ እውነተኞቹን "ወደዚህ ኑ" ብሎ መጥራት ያዋጣል። ከ40,000 ተከታይ ወደ 900 መውረድ ለዓይን ይከብዳል። እነዚያ 900 ግን ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይገዛሉ። ሲስተሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነሱ መማር ይጀምራል።